የት ቆመሽ ነበር?

እንደምን አመሻችሁ።

ግድግዳው ላይ የምታዩዋቸው ፎቶዎች የስድስት ወር የልምምድ ሥራዎቻችን ናቸው። ስለ ልምምዶቹ ከእናንተ አንዱ ይናገር ሲባል እጄን አወጣሁ። ልናገረው የምፈልገው ነገር ስላለኝ ነው።

አስተማሪያችን ፎቶ ስናሳየው በምን ካሜራ እንዳነሳነው አይጠይቅም። ስለ ሌንሱም አይጠይቅም። ትኩር ብሎ ያየውና «የት ቆመሽ ነበር?» ይላል። ለሁላችንም ጥያቄው አንድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «በሩ ጋ» ብዬ እመልስ ነበር። እሱ ምንም አይልም። ፎቶውን እንደገና ያየዋል። እኔም እንደገና አየዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ለዚያ ጥያቄ ቀስ በቀስ ያገኘሁትን መልስ ነው።

በአማርኛ ፎቶ እናነሳለን። ፊት ለፊታችን ያለው ሰው ደግሞ ይነሳል። አንሺና ተነሺ እንላለን። ቃላቱን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማቸዋለሁ፤ ቆም ብዬ ያሰብኳቸው ግን ዘንድሮ ነው። ተነሺውም ሥራ አለው። ፊቱን ያዘጋጃል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ትከሻውን ቀና ያደርጋል። ፎቶው የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ የምቆምበት ቦታ የእሱን ሥራ ወይ ያግዘዋል ወይ ያበላሽበታል።

የመጀመሪያው የፖርትሬት፣ ማለትም የሰው ፊት የማንሳት፣ ልምምድ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ሌንስ፣ ሦስት ርቀት። ሌንሱ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር የራቀውን አቅርቦ ያሳያል። የሰውየው ፊትና ትከሻ በሦስቱም ፎቶ ላይ እኩል መጠን እንዲይዝ ታዘዝን። ይህን በ18 ሚሊ ሜትር ለማግኘት ከሰውየው ግማሽ ሜትር ላይ መቆም ያስፈልጋል። በ35 አንድ ሜትር ገደማ። በ55 አንድ ሜትር ተኩል።

አያቴን አነሳኋት። እማዬ ነው የምላት። በር ላይ፣ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ። ማታ ሦስቱንም ፎቶዎች በኮምፒውተር አሳየኋት። የ18ቱን ስታየው ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«አንቺ ነሻ እማዬ።»

«እኔ አይደለሁም። እኅቴም አትመስልም።»

ወደ 55ቱ ሳልፍ ዝም አለች። መነጽሯን አስተካክላ ጠጋ አለች። «እንዲህ በይኛ! ይቺስ እኔ ነኝ» አለች።

ልክ ነበረች። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ አፍንጫዋ አብጧል። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። ግንባሯ ወደ ፊት ገፍቷል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የሰው አፍንጫ ጫፍ ከጆሮው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይቀድማል። ካሜራው ግማሽ ሜትር ላይ ከሆነ፣ ጆሮ ከአፍንጫ ይልቅ በሩብ ያህል ይርቃል ማለት ነው። የራቀ ነገር ያንሳል። ስለዚህ ጆሮ ያንሳል፣ አፍንጫ ይገዝፋል። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ስትቆሙ ግን ያው 12 ሴንቲ ሜትር ከርቀቱ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ፊት ወደ ልኩ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። እኔም ጥፋቱ የሌንሱ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ያንኑ ሌንስ 18 ላይ አድርጌ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቆምኩ። ፎቶው ውስጥ እማዬ ትንሽ ሆና ታየች። ዙሪያውን ቆርጬ አሳደግኩት። ጥራቱ ቀነሰ እንጂ ፊቷ የ55ቱ ፊት ነበር። ስለዚህ ፊቷን ያበላሸው ሌንሱ ሳይሆን እግሬ የቆመበት ቦታ ነው።

ይህን ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። በስልካችሁ ራሳችሁን ስታነሱ የክንዳችሁ ርዝመት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ርቀት የማንም ሰው አፍንጫ ይገዝፋል። ስልኳን እያየች «አፍንጫዬ አስጠላኝ» የምትል ልጅ አውቃለሁ። አፍንጫዋ ምንም አልሆነም። ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትበል።

ታዲያ በጣም መራቅ ይሻላል? አይሻልም። አራት ሜትር ላይ ሆኜም ሞክሬዋለሁ። ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ የባሰው ግን ጨዋታው መቋረጡ ነው። «ቀና በይ» ለማለት መጮህ አለብኝ። የተጮኸበት ሰው ደግሞ ፊቱ ይለወጣል። ቡና ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ከእናንተ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቡት። አንድ ሜትር ከምናምን ነው። የምንወዳቸውን ሰዎች ፊት የምናውቀው ከዚያ ርቀት ላይ ይመስለኛል። እማዬም ራሷን ያወቀችው በዚያ ርቀት ነው።

ከርቀት ቀጥሎ ቁመት መጣ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ለእኔ ከባዱ ትምህርት ነበር።

የሠፈራችን ጉሊት ላይ አትክልት የምትሸጥ ሴት አለች። ሁልጊዜ ቲማቲምና ሽንኩርት የምገዛው ከእሷ ነው። እንዳነሳት ፈቀደችልኝ። ቆሜ አነሳኋት። እሷ መሬት ላይ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት በተሠራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ፎቶው ላይ የሻሿ አናት ይታያል፤ ዓይኗ ወደ ላይ ይለምናል። ቲማቲሙ ጥሩ ቀለም አለው። ብርሃኑም ጥሩ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ክፍል ይዤው ሄድኩ።

«የት ቆመሽ ነበር?»

«ፊት ለፊቷ።»

«እሷስ?»

«እሷ ተቀምጣ ነበር።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም። አያስፈልግም ነበር። ያቺ ሴት ለእኔ ለማኝ ሆና አታውቅም። አራት ልጆች የምታስተምር፣ ሒሳብ የማትሳሳት፣ ሲርበኝ ሙዝ የምትሰጠኝ ሴት ናት። ፎቶዬ ግን የምትለምን ሴት አስመሰላት። ያንን ያደረገው ከእሷ ከፍ ብዬ መቆሜ ነው። ስለ ድህነታችን የተነሱ ብዙ ፎቶዎች ለምን እንደሚያሙኝ ያን ቀን ገባኝ። ብዙዎቹ ቆሞ የሚሄድ ሰው ተቀምጦ ወደሚሠራ ሰው ቁልቁል እያየ ያነሳቸው ናቸው።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከጎኗ በርጩማ አምጥታ ሰጠችኝ። ካሜራው በዓይኗ ትይዩ ሆነ። ሳቀች እንኳ አላልኩም፤ ዝም ብላ ቀጥ ብላ አየችኝ። ያ ፎቶ እዚያ ጥግ ላይ አለ። በደንብ እዩዋት።

ከእሷው ጋር ሌላም ነገር ተማርኩ። ጉሊቱ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ ነው። ፀሐይ በሸራው ውስጥ ስታልፍ ከሥሩ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ዓይናችን ይህን ቶሎ ይለምደውና አያየውም። ካሜራው ግን ይይዘዋል። የፊቷ አንዱ ጎን በሸራው ሰማያዊ፣ ሌላው ጎን በመንገዱ ፀሐይ ቢጫ ሆኖ ነበር። በኮምፒውተር አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ሁለት የተለያየ ብርሃን አንድ ፊት ላይ ሲያርፍ በአንድ ቁልፍ አይፈታም። መፍትሔው በርጩማዬን ክንድ ያህል ወደ መንገዱ ማስጠጋት፣ እሷም ወደ እኔ ዞር እንድትል መጠየቅ ብቻ ነበር። ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን ከታች ወደ አገጯ መለሰው። ብርሃን የሚመልስ ዕቃ በውድ ዋጋ ይሸጣል። እኛ አገር ግን ግማሹ ሰው ለብሶት ይሄዳል።

ስለ ብርሃን ካነሳሁ አይቀር፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እንዴት እንደምትሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ጥላ ከእግራችን ሥር እስኪጠፋ ድረስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የሰው ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፤ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ይሻላል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ቶሎ ነው የሚመሸው፤ ዕቃ እስኪዘጋጅ የሚጠብቅ ብርሃን የለም። ክረምትን ብዙ አንሺዎች አይወዱትም። እኔ ለፊት እወደዋለሁ። ደመናው ሰማዩን ሁሉ አንድ ትልቅ መስኮት ያደርገዋል። ጥላው ይለሰልሳል፤ ሽማግሌ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ይነሳል።

አሁን ወደ ነጠላው ልመለስ፤ ነጠላ ብርሃን ይመልሳል፣ ካሜራም ያሳስታል። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ በነጠላው ውስጥ ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ይጨልማል። የጥምቀት ፎቶዎቻችሁን ተመልከቱ። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ከካሜራው ጋር መጣላት ሳይሆን ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን አንድ ስቶፕ ያህል መጨመር ነው፤ ማለትም በእጥፍ። ወይም ከፊቱ ላይ ብቻ መለካት።

ይህን ልምምድ ስንሠራ አስተማሪያችን የነገረን ታሪክ አለ። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች የቀለም መለኪያ የሚሆን ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች አንዷ ሸርሊ ትባል ስለነበር ሸርሊ ካርድ ተባለ። ማሽኑ የሚስተካከለው የእሷ ቆዳ እስኪያምር ድረስ ነው። ጥቁር ሰው ከነጭ ሰው ጋር ሲነሳ ፊቱ ጠፍቶ ጥርሱና ዓይኑ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «ቡናማ ቀለሞቻችን አይለዩም» ብለው አቤት አሉ፤ ፊልሙ እንዲሻሻል ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ታሪኩን ስሰማ የእናቴ የሠርግ አልበም ትዝ አለኝ። ቬሎው ያበራል፤ የእናቴ ፊት ደብዝዟል። ሁልጊዜ ፎቶ አንሺው ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። አሁን እሱን መውቀስ ትቻለሁ። ፊልሙ ለእናቴ ፊት ተብሎ አልተሠራም ነበር። እኛ ግን ዛሬ ቁልፉ በእጃችን ነው፤ የሰው ፊት ጨልሞብን ካስረከብን ምክንያት የለንም።

አንድ ቀን ደግሞ ከጎን ማንሳት ተለማመድን። የሠፈራችንን አዛውንት ለመንኳቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። በመስኮት በኩል እያዩ፣ ፊታቸው በጎን ሆኖ አነሳኋቸው። ጥላና ብርሃኑ አምሮልኝ ነበር። አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ለረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ አንድ ዓይኔን የት ጣልሽው?» አሉኝ።

ቅሬታቸው የምር ነበር። ቤት ስገባ ነው የገባኝ። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሳላሉ። ክፉዎች፣ አሳዳጆች፣ ሰይጣን፣ በጎን በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ያየ ሰው ያውቃል፤ ሁሉም በሁለት ዓይናቸው ያዩታል። አባባ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ቆመው ሲጸልዩ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ በአንድ ዓይን ሳነሳቸው ከየትኛው ወገን እንዳስቀመጥኳቸው አላወቅኩም።

አያቶቻችን ፎቶ ሲነሱ ለምን ፊት ለፊት ቀጥ እንደሚሉ ሲጠየቅ «ካሜራ ስለማያውቁ ነው» የሚል ሰው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ አቋቋም ምርጫ ነው። «እዩኝ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነው። የትምህርት ቪዲዮዎቹ ሁሉ «ሰውነቱን አዙሩት፣ ዘና ይበል» ይላሉ። አሁን የማደርገው ይህን ነው። ትከሻቸውን ወደ መስኮቱ ትንሽ ዞር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፤ ፊታቸውን ግን ወደ እኔ እንዲመልሱ። ሁለቱም ዓይን ይታያል፤ በአንደኛው ጉንጭ ላይ ግን ጥላ ያርፋል። አባባን እንደዚያ ደግሜ አነሳኋቸው። «አሁን ተሟላ» አሉኝ።

ስለ ኮምፖዚሽን፣ ማለትም ነገሮችን ፍሬሙ ውስጥ ስለማደራጀት፣ ሕጎች ብዙ አልናገርም፤ ስልካችሁ ላይ ያለው መስመር የሚነግራችሁን ነው የሚሉት። ፍሬሙን በቁምም በአግድምም ሦስት ቦታ ክፈሉት፣ ዓይንን ላይኛው መስመር ላይ አድርጉት፣ ሰውየው ወደሚያይበት በኩል ክፍት ቦታ ተዉለት። ሰው ስትቆርጡ መገጣጠሚያው ላይ አትቁረጡ፤ ጉልበት፣ ክርን፣ አንጓ ላይ የተቆረጠ ሰው የጎደለ ይመስላል። ጉርድ ፎቶ የምንለው ደረት ላይ የሚቆረጠው ያለምክንያት አይደለም። ከሰው ራስ ላይ የመብራት እንጨት እንዳይበቅልም ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የየቀኑ ፈተና ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትሉ ግን እንጨቱ ከራሱ ይወርዳል። አሁንም ያው ጥያቄ ነው፤ የት ቆመሽ ነበር።

ከኮምፖዚሽን ልምምዶች በጣም የጠቀመኝ የ36ቱ ነው። ድሮ አንድ ጥቅል ፊልም ብዙ ጊዜ 24 ወይም 36 ፎቶ ነበረው። ሾላ ገበያ ሄዳችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ 36 ብቻ አንሱ ተባልን። መደምሰስ የለም። ያነሱትን ማየት የለም፤ ስክሪኑ ላይ ወረቀት ለጠፍን። የመጀመሪያዎቹን 20 በሩብ ሰዓት ጨረስኳቸው። ከዚያ 16 ቀሩኝ። ያን ጊዜ መቆም ጀመርኩ። የበርበሬ ተራ መግቢያ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቆሜ አንድም አላነሳሁም። ሰው ሲያልፍ፣ ተሸካሚው ሲመጣ፣ ጥላው ሲዞር አየሁ። ከዚያ ቦታ ያነሳሁት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው እሱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 20 አንድም አልተመረጠም።

ማሊ ውስጥ፣ ባማኮ ላይ ሴይዱ ኬይታ የሚባል ታላቅ ፎቶ አንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮውን ከፈተ። ፊልም ውድ ስለነበር ለአንድ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሳው። ከዚያች አንድ ጊዜ በፊት ግን እጃቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ትከሻቸውን ያስተካክል ነበር። ፎቶዎቹን ስታዩ ሰዎቹ እንደ ንጉሥ ነው የተቀመጡት። ከኋላቸው የሚሰቅለው የመጀመሪያው ጨርቅ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ጨርቁን ይቀይረው ስለነበር፣ በኋላ የፎቶዎቹን ዘመን ለመለየት የረዳው ያው ጨርቅ ነው። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። እኔ የሰው ጀርባ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ለማጥፋት ነበር የምደክመው።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። ከመማሬ በፊት፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ከጓደኛዬ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተዋስኩ፤ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ እስከ 1.8 ድረስ የሚከፈት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጀርባውም ይደበዝዛል። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የአባቴን ሱሪዎች ሁሉ የሚያሳጥሩት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሱቃቸው ውስጥ፣ ማሽናቸው ላይ እንዳሉ አነሳኋቸው። ሌንሱን በሙሉ ከፈትኩት። በቆምኩበት ርቀት ሌንሱ በሙሉ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚታየው ከፊት ወደ ኋላ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይናቸው ጥርት አለ። ሌላው ሁሉ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ፎቶው በጣም ተወደደልኝ፤ «ፕሮፌሽናል ነው» ተባልኩ።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የጋሼ ሱቅም አብሮ ሄደ። ከወራት በኋላ ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ አዲሱ ቦታቸው ወሰድኩላቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። አዩት። አመሰገኑኝ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ከዚያ ጣታቸውን ደብዛዛው ላይ አድርገው «ሱቄ የታለ?» አሉኝ።

ሱቃቸው የለም። ግድግዳው ላይ የነበረው የልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ የለም። መደርደሪያው፣ በክር የተሞላው ቆርቆሮ፣ በኖራ የተጻፈው የደንበኞች ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ቀለም ሆኖ ቀልጧል። ያንን ክፍል እስከ ዛሬ ሊያሳይ የሚችል ፎቶ ሳይኖረኝ አይቀርም ብዬ ሃርድ ዲስኬን ሁሉ ፈተሽኩ። ያነሳሁት 14 ጊዜ ነው፤ 14ቱም ቀልጠዋል። የማዝነው በዚህ ነው፤ እስካሁንም አዝናለሁ። እሳቸውን ለማሳመር ብዬ 30 ዓመት የሠሩበትን ቤት ደመሰስኩት፤ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት።

ማደብዘዝ መጥፎ ነው አልልም። ጀርባው ላይ ከሰውየው ጋር ምንም የማያገናኘው የቆመ ሚኒባስ ካለ ይደብዝዝ። ግን አሁን ቁልፉን ከማዞሬ በፊት አንድ ነገር አያለሁ። እዚህ ጀርባ ላይ ያለው ነገር የዚህ ሰው ነው ወይ? የእሱ ከሆነ ይታይ።

ወደ መጨረሻው ልምምድ ልምጣ። ቦታ ተቀያየርን። አንሺ የነበርነው ተነሺ ሆንን፤ እያንዳንዳችን 20 ደቂቃ። ከመብራቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሚያነሳኝ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ጨዋም ነው። ግን ዝም አለ። ያነሳል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ቅንድቡን ይሰበስባል፣ እንደገና ያነሳል። እሱ መብራቱን ነበር የሚያስበው። እኔ ግን ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ። እጄን የት እንደማደርግ ጠፋኝ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ መሄድ ፈለግኩ። አሥረኛው ላይ «ከየት ሠፈር ነሽ?» አለኝ። የቄራ ልጅ ነኝ አልኩት፤ እሱም እዚያ አክስት እንዳለው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ያነሳቸው ፎቶዎች ላይ ያለችው ልጅ እኔን ትመስላለች። እናቴ እንኳ ለይታ ያወጣችው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ቤት ስገባ ካሜራዬን ከቦርሳ ቶሎ አላወጣም። ቡና ካለ ቡና እጠጣለሁ። ከዚያ «ላንሳዎት?» እላለሁ። አይሆንም ካሉኝ አይሆንም ነው፤ ቡናው ግን አይቀርም። ከተነሱልኝ ደግሞ የታተመውን፣ 10 በ15 ሴንቲ ሜትርም ቢሆን፣ በእጄ ወስጄ እሰጣለሁ። ተነሺው ፎቶውን ሲያይ ፊቱን ማየት አለብኝ። «ይቺ ማናት?» ወይም «አሁን ተሟላ» የሚለኝ እሱ ነው።

«ሰው ከነቦታው» የሚለው ልምምድ ሲሰጠን ወዲያው ጋሼ ጋ ሄድኩ። አዲሱ ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ አንድ በርና አንድ ማሽን። ግን ግድግዳው ላይ የምረቃ ፎቶዎቹን መልሰው ሰቅለዋቸዋል። የክር ቆርቆሮውም ተርፏል። ሌንሱን 24 ላይ አደረግኩት። ቀዳዳውን 8 ላይ ዘጋሁት። ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ያለው ሁሉ እንዲጠራ ነው። ብርሃኑ ስለቀነሰ አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ወደ 1600 ከፍ አደረግኩ፤ ትንሽ አሸዋ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ይታይ። በር ላይ በርጩማ አስቀምጬ ካሜራውን በዓይናቸው ልክ ያዝኩት። «እጄን የት ላድርግ?» አሉኝ። «ሁልጊዜ የሚያደርጉበት ጋ» አልኳቸው። ማሽኑ መንኮራኩር ላይ አደረጉት። ቀጥ አሉ። ሁለት ዓይናቸው ወደ እኔ።

ጋሼ ዛሬ እዚህ አሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ነው የመጡት። እንኳን ደህና መጡልን።

ፎቶዎ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር የተለጠፈ ምልክት አለ፤ ከግድግዳው 2 ሜትር ይርቃል። አጠገቡ ዝቅ ያለ በርጩማ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ እዚያ ተቀመጡና እዩት። እኔ የነበርኩት እዚያ ነው።